የመንታ እናት በየትኛው ጎኗ ትተኛ?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ አራስ ቤት ላላችሁ ነው። እንኳን ማርያም ማረቻችሁ! እንኳን በሰላም ተገላገላችሁ! ከእናንተም ውስጥ ይበልጥ የምናወጋው በአንድ ጊዜ ሁለት ለታቀፋችሁት ነው። አንዱን እያጠባችሁ፣ ሌላውን በእግራችሁ እያወዛወዛችሁ የምትሰሙን ካላችሁ አትነሡ፤ ጆሯችሁን ብቻ ስጡን።

«የመንታ እናት ተንጋላ ትሙት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ወደ ቀኝ ብትዞር የግራው ይከፋል፤ ወደ ግራ ብትዞር የቀኙ ያለቅሳል፤ እንግዲህ በጀርባዋ ተንጋላ ትቅር ነው ነገሩ። ተረቱ ድካሟን በደንብ አይቶታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚያ ተረት ውስጥ ባልየው የት ሄደ? አያትስ? ጎረቤትስ? አልጋው ላይ ያሉት እናትና ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። እኔ እንደማየው መንታ የተወለደበት ቤት ከሁሉ በፊት የሚጎድለው እጅ ነው። ዛሬ ስለ ወተትም፣ ስለ እንቅልፍም፣ ስለ ሕመምም ስናወራ «ይህን የሚያደርገው የማን እጅ ነው?» እያልን እንጠይቃለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መንታ ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 42 ሕፃናት አንዱ ገደማ መንታ ነው። መንታ በብዛት ከሚወለድባቸው አህጉራት ደግሞ አፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። ከአንድ እንቁላል ተከፍለው የሚፈጠሩት፣ መልካቸው ቁርጥ አንድ የሆነው መንቶች ቁጥራቸው በየአገሩ ይቀራረባል። ልዩነቱን የሚያመጡት ከሁለት እንቁላል የሚፈጠሩት ናቸው፤ ይህኛው ዓይነት በእናት ወገን በዘር ይወርዳል። ስለዚህ እናቶቻችን «አያቷን ወጣች» ሲሉ ከእውነት አልራቁም።

ከመንቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ብዙዎቹም ሲመዘኑ 2 ኪሎ ተኩል አይሞሉም። ቶሎ የተወለደና ትንሽ የሆነ ልጅ ምን ይቸግረዋል? ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፤ መጥባት ይደክመዋል፤ ተሐዋስያን ቶሎ ያጠቁታል። ሦስቱን ልድገማቸው፦ ሙቀት፣ ወተት፣ ንጽሕና። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ በአብዛኛው የእነዚህ የሦስቱ ሥራ ነው።

ከሙቀቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል ውስጥ አንድ ዘዴ ጀመሩ። ትንንሾቹን ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገው አሳቀፏቸው። ዘዴው ዛሬ «የካንጋሮ እንክብካቤ» ይባላል። በአገራችንም የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር አዲስ አበባ ውስጥ አጥንተውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል፤ በእናት ገላ ላይ ቶሎ የታቀፉት ትንንሽ ሕፃናት ከሌሎቹ በተሻለ ተርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወይም ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲህ እንዲታቀፉ ነው።

እንዴት ይታቀፋል? ልጁ ዳይፐሩ፣ ኮፍያውና ካልሲው ብቻ ይቀርለታል። ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፤ አፍንጫው አይሸፈንም። ከዚያ በነጠላ ወይም በማዘያ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ከላይ ጋቢ ይደረባል። ሁለቱንስ? ሁለቱንም ጎን ለጎን በአንድ ደረት ላይ ማሰር ይቻላል። ግን ስምንት ሰዓት ሁለት ልጅ ደረቷ ላይ ያሰረች እናት መቼ ትበላለች? መቼ ትታጠባለች? አባቶች፣ የእናንተም ደረት ይሞቃል! አንዱን ለእናት፣ አንዱን ለአባት፤ ከዚያ መለዋወጥ። አያትም፣ አክስትም ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ይችላሉ። ሸሚዙን ለማውለቅ የሚያፍር አባት ካለ በሩን ይዝጋ እንጂ ልጁን አይመልስ።

(የሁለት ሕፃናት ለቅሶ፤ የበር መከፈት ድምፅ)

አያት፦ ልጄ፣ ምነው ዛሬስ አላስቀምጥ አሉሽ? ወተትሽ ለሁለት የሚበቃ አይመስለኝም። ስኳር ያለው ውሃ ጠብ ላድርግላቸው?

እናት፦ እማዬ፣ ሐኪሟ እስከ ስድስት ወር ድረስ ውሃም ቢሆን እንዳትሰጪ ብላኛለች።

አያት፦ አንቺን ቅቤ አልሼ አይደለም ያሳደግሁሽ? ምን ሆንሽ?

እናት፦ ምንም አልሆንኩም። ግን እኔ ስወለድ እነዚህ ሁለቱ ተደምረው ያክሉኝ ነበር።

(አያት ትስቃለች፤ ለቅሶው ይርቃል)

አቅራቢ፦ አያቶች፣ አትቀየሙን። የእናንተ ጭንቀት የእኛም ነው። ወተቱ ለሁለት ይበቃል ወይ? ከመንታ እናቶች ሁሉ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጡት ጋን አይደለም፤ ተቀድቶ አያልቅም። ልጅ በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምርና ገላ ሌላ ወተት ይሠራል። ሁለት ልጅ ሲጠባ ትእዛዙም እጥፍ ይሆናል። አሁን እንግዲህ ያ ስኳር ያለው ውሃ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የልጁ ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ይሞላል። የጠገበ ልጅ አይጠባም። ካልጠባ ትእዛዙ ይቀንሳል፤ ወተቱም ይቀንሳል። በሳምንቱ አያት «አላልኩሽም?» ትላለች፤ የወተቱን ነገር ያበላሸው ግን ውሃው ነበር። ውሃውና ቅቤው ተቅማጥና ኢንፌክሽን ይዘው ሊመጡ እንደሚችሉ ሳንረሳ።

እና ልድገመው፦ በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀመር፤ እንገሩ አይፍሰስ፤ እስከ ስድስት ወር ሐኪም ካዘዘው መድኃኒትና ጠብታ በቀር ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይሰጥ።

አያት ግን ሥራ አላጣችም። አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ ሾርባውን፣ ውሃውን ለእናቲቱ! ሁለት የምታጠባ እናት ረሃቧም ጥሟም ብርቱ ነው። ልጆቹ ጡት ሲይዙ አጠገቧ አንድ ብርጭቆ ውሃ የሚያስቀምጥ ሰው ይኑር።

አሁን ወደ አያያዙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ በአንድ አጥቡ፤ እያንዳንዱ ልጅ ጡቱን አፉን ሞልቶ መያዝ ይልመድ። ከለመዱ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ ማጥባት ይቻላል። እንዲህ ነው፦ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። በግራና በቀኝ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አድርጉ። እያንዳንዱን ልጅ በብብታችሁ ሥር አስተኙት፤ እግሩ ወደ ኋላችሁ፣ ራሱ ወደ ጡት። አንገቱን በእጃችሁ ደግፉ። በመጀመሪያው ሰሞን ሁለተኛውን ልጅ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ያ እጅ የማን ነው? ከወዲሁ ይታወቅ።

አንዱ በርትቶ የሚጠባ፣ ሌላው ቶሎ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ጡት አቀያይሩላቸው። የዛሬው የቀኝ ነገ የግራ ይሁን። ብርቱው ሁለቱንም ጡት ያነቃቃል፤ ደካማውም ይጠቀማል።

መጥገባቸውን በምን ታውቃላችሁ? በለቅሶ እንዳትለኩ። በሽንት ለኩ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንት ከሸና፣ በየጊዜው ሲመዘንም ከጨመረ ደህና ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቀነስ ያለ ነው፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደተወለደበት ክብደት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወደ ጤና ጣቢያ።

መጥባት ለሚደክመው ልጅ የእናቱ ወተት ታልቦ በትንሽ ሲኒ ሊሰጠው ይችላል። ሲኒው ይቀቀል፤ ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ወተቱ ከንፈሩን ይንካ እንጂ አፉ ውስጥ አይገልበጥ። ራሱ ይልሰዋል። ሲኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጽዳት ይቀላል። የታለበ ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ አራት ሰዓት ይቆያል።

የዱቄት ወተት የግድ ሆኖ ሐኪም ያዘዘላችሁ ካላችሁ፣ ማንም አያሳፍራችሁ። ግን አደራ፤ ለሁለት እንዲበቃ ብላችሁ አታቅጥኑት። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ልክ ልኩ ነው። የቀጠነ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን የማነሣው ነገር ብዙ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ ነው። ከሁለቱ አንዱ ጯሂ ነው እንበል። ትንሽ ሲርበው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሌላዋ ጸጥ ያለች ናት፤ ትተኛለች፤ አታስቸግርም። ጠያቂው ሁሉ «ይህቺማ ጨዋ ናት፣ ለእናቷ አዘነችላት» ይላል። ማን ቶሎ ጡት ያገኛል? ጯሂው። ማን ይረሳል? ጨዋዋ።

አድማጮቼ፣ ቶሎ የተወለደ ልጅ ጸጥታ ሁልጊዜ ጨዋነት አይደለም። ለማልቀስ አቅም ማጣትም ሊሆን ይችላል። ያልጠባ ይደክማል፤ የደከመ ይተኛል፤ የተኛ አይጠባም። ስለዚህ ትንሿን፣ ጸጥተኛዋን ቀስቅሷት። ከተጠቀለለችበት አውጧት፤ እግሯን ነካ ነካ አድርጉ፤ ዳይፐሯን ቀይሩ። ማጥባቱ በለቅሶ አይሁን።

ታዲያ በምን ይሁን? በሰዓት። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠባል። ሁለቱን በየፊናቸው ከተከተላችኋቸው ከአሥራ ስድስት እስከ ሃያ አራት ጊዜ ይሆናል። ይህ በሰው አቅም አይሆንም። አንዱ ሲነቃ ሌላውን መቀስቀስ ያስፈልጋል። የተኛ ልጅ መቀስቀስ ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ የመንታ ቤት ሕግ ግን ሌላ ነው። ጥቂት ሳምንት ከተጸና ሁለቱ ወደ አንድ ሰዓት መምጣት ይጀምራሉ፤ እናትም በመካከሉ ዓይኗን ትከድናለች።

ሰዓታቸው አንድ ይሁን፤ መዝገባቸው ግን ሁለት። ለምን? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደከመ አባት ለአንዱ ልጅ ጠብታ ይሰጠዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደከመች አያት ለዚያው ልጅ ትደግምለታለች። ሌላው ሳይወስድ ይነጋል። እንዲህ እንዳይሆን አንድ ደብተር አልጋው አጠገብ ይቀመጥ። ገጹ ለሁለት ይከፈል፤ በዚህ በኩል አንዱ፣ በዚያ በኩል ሌላው። ጠባ፣ ሸና፣ ጠብታ ወሰደ፤ ይኸው ነው። ስልክ ላይ የሚጽፉም አሉ፤ ስልኩ ከአባት ጋር ሥራ ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ይሄዳል እንጂ። መልካቸው ለማይለይ ደግሞ የአንዱን የእግር ጣት ጥፍር ቀለም ቀቡ። ክር ባታስሩ ይሻላል፤ ሊጠብቅ፣ ወይም ወደ አፍ ሊገባ ይችላል።

(ሙዚቃ፤ ሌሊትን የሚያስታውስ፣ ለስለስ ያለ)

አቅራቢ፦ ወደ ሌሊቱ እንግባ። «ሁላችንም አብረን እንነቃለን» የሚል ቤተሰብ በሳምንቱ ሁሉም ታሞ ይገኛል። ተራ ግቡ። ለምሳሌ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ሰባት አባት ይቁም፤ ከሰባት እስከ ንጋት አያት ወይም እህት። የቆመው ሰው ምን ያደርጋል? ልጁን ያነሣል፤ ዳይፐር ይቀይራል፤ ለእናት ያቀብላል፤ ከጠባ በኋላ ትከሻው ላይ አድርጎ ያስገሳዋል፤ መልሶ ያስተኛዋል፤ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የእናት ሥራ ማጥባት ብቻ ይሁን። ካጠባች ትተኛ። «ልርዳሽ?» አይባልም እዚህ ቤት፤ ርዳታ አይደለማ፣ ልጆቹ የሁለታችሁ ናቸው።

አስተኛኘቱ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ በጀርባቸው፤ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፤ ያለ ትራስ፤ ፊታቸው ሳይሸፈን። ቦታ ከተገኘ ለየብቻቸው። ልጅ ታቅፎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት አደገኛ ነው፤ እንቅልፍ የመጣበት ሰው ልጁን ለሌላ ያቀብል።

ጠያቂዎችስ? አራስ መጠየቅ ወጋችን ነው፤ ይኑርልን። ግን እስቲ አንድ የመንታ ቤት አስቡ። አሥር ሰው ይመጣል። ቡና ይፈላል፤ ከሰሉ ይጨሳል፤ ዕጣኑ ይጨመራል፤ በሩ ይዘጋል። ሁለቱ ትንንሽ ሳንባዎች እዚያው ናቸው። ያቺ እናት ደግሞ ፈገግ እያለች «ተጫወቱ» ትላለች፤ ዓይኗ ግን እየተከደነ ነው። ቡናውን አልከለከልንም፤ ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይፈላ።

እናንተም ስትሄዱ «ምን ይዤ ልሂድ?» አትበሉ፤ «ምን ሠርቼ ልምጣ?» በሉ። የልጆቹን ጨርቅ እጠቡ። ወጥ ሠርታችሁ ውሰዱ። ትልቁን ልጅ፣ ካለ፣ ይዛችሁ ውጡ፤ እሱም እናቱን በአንድ ቀን ለሁለት ሰው ተነጥቋል። ወይም እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ልጆቹን አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ እናት ትተኛ። ጉንፋን የያዘው ደግሞ በስልክ ይጠይቅ። መሳም ይቅርባችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ይህን ክፍል ቀስ ብዬ አነብበዋለሁ፤ አጠገባችሁ ሌላ ሰው ካለ ይስማ። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መጥባት እምቢ ካለ። ካንቀጠቀጠው። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ማለትም በአንድ ደቂቃ ውስጥ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ። ገላው ካተኮሰ፣ ወይም ከቀዘቀዘ። መዳፉና የእግሩ ሥር ቢጫ ከሆነ። እትብቱ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ። ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ።

መንታ ያለው ወላጅ አንድ ልማድ አለው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ያስተያያል። «ወንድሙ ደህና ስለሆነ እሱም ደህና ነው» ይላል። አይሠራም። የአንዱ ጤና ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወለዱበት ቀን ነው፤ ትንሽ ናቸው ተብሎ የ45 ቀኑ አይዘገይም። እድገታቸው ግን ሌላ አቆጣጠር አለው። በአንድ ወር ቀድመው ከተወለዱ ፈገግታውም፣ አንገት ማቅናቱም በወር ያህል ዘግይቶ ቢመጣ አትደንግጡ። የጎረቤቷ ልጅ በዚያው ሳምንት ተወልዶ «እሱ እኮ ይስቃል» ብትላችሁ፣ እሱ ማኅፀን ውስጥ አንድ ወር በልጧቸዋል በሏት።

እናቲቱስ? ማኅፀኗ ሁለት ተሸክሞ በጣም ስለተለጠጠ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የመፍሰሱ አደጋ ከሌሎች እናቶች ይበልጣል፤ ብዙ ከፈሰሳት ጥበቃ የለም፣ ወደ ሐኪም ነው። የታዘዘላትን የብረት እንክብል ትጨርስ። ሆዷ ሲብሰው፣ ስታለቅስ ደግሞ «አራስ ነች፣ ይለቃታል» ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እውነት ነው፤ ይለቃል። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላም ካልለቀቃት፣ ልጆቹ እንኳ ተኝተው እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ልጆቿን ማየት ካስጠላት፣ በራሷ ወይም በእነሱ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣባት ግን ሕመም ነው፤ መድኃኒትም አለው። መንታ በወለዱት ላይ ይበዛል። ጠበልም የሚሄድ ይሂድ፤ ሐኪሙን ግን አይተው። ብቻዋንም አትተዋት።

አንድ ነገር ቀረን፤ የወሊድ ፈቃድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር አላት። አባት 3 ተከታታይ ቀን አለው። ሦስት ቀን! አዋጁ መንታ ለወለደ የሚጨምረው ቀን የለም። እኔ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ እስኪጨመር ግን ሒሳቡን ቀድሞ መሥራት ነው። አባቶች፣ የዓመት ፈቃዳችሁን ለበዓል አትጨርሱት፤ ለዚያን ጊዜ አቆዩት። እርጉዝ ሆናችሁ፣ በምርመራ መንታ መሆኑ የተነገራችሁ ካላችሁም፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ አባት ሥራ ሲገባ፣ ቤት የሚቀረው ማን ነው? እናቷ ከክፍለ ሀገር መቼ ትመጣለች? ስትመለስስ ማን ይተካል? ስም ጻፉ፤ «እግዜር ያውቃል» አትጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስድስት ወር ለሞላቸው ልጆች ምግብ ስለማስጀመር እናወጋለን፤ አጃውንና ገብሱን አዘጋጁ። ደህና ሰንብቱልን።

(የመውጫ ሙዚቃ)